ሮቶ፣ አሜባ፣ አረንጓዴ መብራት

ወሎ ሰፈር ውስጥ አራት አምስት ፎቅ ወጥቶ ዙሪያውን ለሚቃኝ ሰው ከቆርቆሮው ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው ሮቶ ላይ ነው። በሕንፃው ጣሪያ ላይ ተደርድሮ፣ በግቢው ጥግ በብረት ማማ ላይ ተሰቅሎ፣ በፀጉር ቤቱ ጓሮ ተወሽቆ ይታያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው ቤት ኑሮው በጀሪካን ነው። ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳ ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች ክሎሪን ገብቶበት የተነሳው ውሃ ሮቶው ውስጥ ቀናት ያድራል፤ ክሎሪኑም ቀስ በቀስ ይሳሳል። ከርሞ የቆየ ሮቶን ከውስጥ በእጁ የዳሰሰ ሰው ግድግዳው እንደሚያዳልጥ ያውቃል። ያ የሚያዳልጠው ስስ ልባስ የባክቴሪያ ክምችት ነው። ባክቴሪያ በተከማቸበት ደግሞ ባክቴሪያ እየበላ የሚኖር ፍጡር አይጠፋም።

የዚህ ምዕራፍ ባለጉዳይ ከነዚህ በሊታዎች አንዱ ነው፤ አካንታሜባ ይባላል። አሜባ ሲባል እኛ አገር ሰው ሁሉ ሆዱን ይይዛል፤ ፋርማሲ ገብቶም ሜትሮኒዳዞል ይጠይቃል። የሆዱ አሜባ ግን ሌላ ነው። እሱ ያለ ሰው አንጀት መኖር አይችልም። አካንታሜባ ግን ከነጭራሹ ሰው አያስፈልገውም። በአፈር፣ በወንዝ፣ በመዋኛ ገንዳ፣ በቧንቧ ውሃ፣ በአቧራ ውስጥ ራሱን ችሎ ይኖራል። አብዛኛው ጤነኛ ሰው ቢመረመር በደሙ ውስጥ ይህን አሜባ የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ይገኝበታል፤ ማለትም ሳናውቀው ተገናኝተነው፣ ሳናውቀው አሸንፈነዋል። እንዲህ በቀላሉ የማይሸነፈው ዓይን ላይ ሲደርስ ነው።

የሮቶውን ነገር ያነሳሁት ለወጉ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ይህ የዓይን በሽታ የመገናኛ ሌንስ በሚያደርጉ ሰዎች ላይ ከአሜሪካ እጅግ በበለጠ መጠን መታየቱ ሐኪሞቹን ግራ አጋብቶ ነበር። ሌንሱ ያው ሌንስ ነው፤ ማጠቢያውም ያው ነው። ልዩነቱ የተገኘው ጣሪያ ስር ነው። በእንግሊዝ የቆየ የቤት አሠራር የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ በቀጥታ ከመንገዱ ቧንቧ አይመጣም፤ ጣሪያው ስር ባለ ታንከር ተጠራቅሞ ነው የሚወርደው። በእ.ኤ.አ. 2004 የታተመ ጥናት የታማሚዎቹን ቤት ቧንቧ መርምሮ በአብዛኞቹ ውስጥ አሜባ አገኘ፤ በአንዳንዶቹም ከታማሚው ዓይን የተወሰደውና ከመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ የተቀዳው አካንታሜባ በዘረመል አንድ ሆነው ተገኙ። እንግሊዞቹ የታንከር ውሃ ዓይናቸውን ሲጎዳው ያዩት ውሃ ጠፍቶባቸው ሳይሆን ልማድ ሆኖባቸው ነው። የኛ ሮቶ ግን በግድ የመጣ ነው።

አካንታሜባ ሁለት መልክ አለው። ምግብ ሲያገኝ ቅርፅ አልባ ሆኖ እየተሳበ ይበላል፤ ቁመቱ ከ15 እስከ 45 ማይክሮን ይደርሳል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ድርቀት፣ ብርድ፣ መድኃኒት ወይም ረሃብ ሲመጣበት ደግሞ ይሰበሰብና በላዩ ላይ ድርብ ግድግዳ ይሠራል። የውስጠኛው ግድግዳ ሴሉሎስ አለበት፤ የዛፍ ግንድን የሚያጠነክረው ያው ነገር ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ክሎሪን ብዙም አይነካውም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ አይሞትም፤ ደርቆ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ውሃና ባክቴሪያ ሲያገኝ ተመልሶ መሳብ የጀመረ አለ። ሐኪሞችን የሚያስለቅሰው ይኼኛው መልኩ ነው። የሚሳበውን በጠብታ መግደል አይከብድም፤ የተኛውን መግደል ግን ወራት ይፈጃል።

ስሙንም እንያዝ። በላቦራቶሪ በብዛት የሚጠናው ዝርያ አካንታሜባ ካስቴላኒ ነው፤ ስሙን ያገኘው በእ.ኤ.አ. 1930 ለንደን ውስጥ በእርሾ ማሳደጊያ ሳህኑ ላይ ሳይፈለግ የበቀለውን አሜባ ካስተዋለው ከጣሊያናዊው ሐኪም ከአልዶ ካስቴላኒ ነው። ሰውየው በሐሩር አገር በሽታዎች ሊቅነቱ የታወቀ ነበር፤ በዩጋንዳ የእንቅልፍ በሽታን ተውሳክ ለማወቅ በተደረገው ሥራም ስሙ ይነሳል። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረው የሙሶሊኒ ጦር የጤና አገልግሎት የበላይ ሆኖ መጣ። ያ ጦር በአርበኛውና በገበሬው ላይ የረጨው የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን ብቻ ሳይሆን ዓይንንም የሚያቃጥል፣ የዓይንን ጥርት ያለ መስኮት የሚያጨልም መርዝ ነው። ለዓይን ጠንቅ የሆነ አሜባ በዚያ ሰው ስም መጠራቱን የሳይንስ መጻሕፍት ያለ አስተያየት ያልፉታል። እኔ ግን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያውቀው እንዲያልፍ አልፈልግም።

አሁን ወደ ዓይን እንግባ። የዓይን የፊት መስኮት ኮርኒያ ይባላል፤ ልገሳን በተመለከተ በሬዲዮና በቴሌቪዥን «የዓይን ብሌን» እየተባለ የሚነገርለት ነው። መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል፣ ወደ 540 ማይክሮን ነው። የደም ሥር የለውም፤ ጥርት ብሎ የሚታየውም ለዚህ ነው። ኦክስጅኑን የሚያገኘው ከደም ሳይሆን በእንባ በኩል ከአየር ነው። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ላይ ትፈለጋለች። የነርቭ ብዛቱ ግን ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ያስመድበዋል፤ አንዲት ብናኝ የምታስጨንቀን በዚህ ምክንያት ነው።

አካንታሜባ ሳይጫር የቀረ ኮርኒያ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ጭረት ይፈልጋል። ጭረቱ በከተማና በገጠር ይለያያል። በህንድ ገጠር በበሽታው የሚያዙት በአብዛኛው ሌንስ አይተው የማያውቁ ገበሬዎች ናቸው፤ ገለባ ወይም አፈር ዓይናቸውን ይመታቸዋል፤ በኩሬ ውሃ ይታጠባሉ። ጎጃም ወይም ወሎ አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራይ የዋለ ሰው የሚገጥመው አደጋም ከዚህ አይለይም። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን አብዛኛው ታማሚ ሌንስ አድራጊ ነው። ሌንሱ ኮርኒያውን በትንሹ ይፍቃል፤ ከውሃው የተቀበለውን አሜባም ዓይን ላይ ለሰዓታት አጣብቆ ያቆያል።

አዲስ አበባ ሁለቱንም መንገድ አጣምራ ይዛለች። ነገሩን በምናብ እንየው። ለሠርግ ሚዜ የሆነች ልጅ አንድ የውበት ሳሎን ገብታ ባለ ቡናማ ቀለም ሌንስ ትገዛለች፤ ያለ ሐኪም፣ ያለ ልኬት። «በምን ነው የማጥበው?» ብላ ትጠይቃለች። «ለዛሬ ነው አይደል እናቴ? በውሃ ለቅለቅ አድርጊው፤ ምንም አይልሽም» ትላታለች ባለሳሎኗ፣ በቅን ልብ። ሌንሱ በሮቶ ውሃ ይታጠባል፤ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ሠርጉ ያልፋል። ልጅቷም ሌንሱን አትጥለውም፤ በዚያው ውሃ አስቀምጣ ለመልሱ ቀን፣ ከዚያም ለሌላ ሠርግ ታደርገዋለች። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። አንዳንዴ ግን ይሆናል።

ሲሆን መጀመሪያ ዓይን ይቀላል፤ ያነባል፤ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ከዚያ ሕመሙ ይመጣል። ሐኪሙ በመሣሪያው ሲያይ ትንሽ ሽብሽብ ያለ ገጽታ ያያል፤ ታማሚዋ ግን ሌሊቱን ስትጮህ አድራለች። ከሚታየው ጉዳት ጋር የማይመጣጠን ሕመም የዚህ በሽታ ዋና ምልክት ነው፤ አሜባው የኮርኒያን ነርቮች ተከትሎ ስለሚጓዝ ነው። ብርሃን ጠላት ይሆናል፤ መጋረጃ ይዘጋል፤ ነጠላ ይሸፈናል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ኮርኒያው መሐል ላይ ነጭ ቀለበት ይወጣል። ቀለበቱ ሲታይ በሽታውን መለየት ቀላል ነው፤ ማዳኑ ግን የዚያኑ ያህል ከባድ ሆኗል።

እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ የሚባክነው እንዴት ነው? መጀመሪያ ቲቲሲ ቅባት ይሞከራል። ቀጥሎ ጎረቤት «እኔን ያዳነኝ» ያለው ጠብታ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን ያለበት ነው። ዴክሳ መቅላቱን በአንድ ሌሊት ያጠፋል፤ ሰውየው ዳንኩ ይላል። የጠፋው ግን የሰውነት መከላከያ ነው፤ አሜባው በሰላም ይበላል። ሐኪም ዘንድ ሲደረስም አካንታሜባ ሄርፐስ ከሚባለው የቫይረስ ቁስል ጋር በመልክ ስለሚመሳሰል በየአገሩ፣ በታላላቅ ሆስፒታሎችም ጭምር፣ በስህተት የቫይረስ መድኃኒት ይታዘዝለታል። በሽታው መኖሩ በሕክምና ጽሑፍ የታወቀው ራሱ በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች አንዱ የቴክሳስ ከብት አርቢ ነበር። በመድኃኒት ብቻ የዳነ ሰው መመዝገቡ ደግሞ ገና በ1985 ነው።

ዛሬ ዋነኞቹ መድኃኒቶች ሁለት ናቸው፦ ክሎርሄክሲዲንና ፖሊሄክሳናይድ። ክሎርሄክሲዲን ለኛ እንግዳ አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለተወለደ ሕፃን እትብት የሚሰጡት ቅባት ነው። ለዓይን ግን 0.02 በመቶ ብቻ ሆኖ በባለሙያ እጅ ይቀመማል፤ የእትብቱን ቅባት ዓይን ላይ ማድረግ ዓይን ማጥፋት ነው። ጠብታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ሳይቀር ይደረጋል። ከዚያ ለወራት። በ2024 አውሮፓ ለዚህ በሽታ ተብሎ የተዘጋጀ 0.08 በመቶ ፖሊሄክሳናይድ ያለበት ጠብታ ፈቅዳለች። እርምጃው ትልቅ ነው። ያም ሆኖ ጠብታ የማይበግረው ዓይን ይቀራል፤ የብርሃን ሕክምና የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የብርሃኑ ታሪክ የሚጀምረው በዓይን ሳይሆን በወባ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ሙኒክ ውስጥ ኦስካር ራብ የተባለ የሕክምና ተማሪ በፕሮፌሰሩ በኸርማን ፎን ታፓይነር ሥር አክሪዲን የተባለ ቀለም ነጠላ ሕዋስ ያላቸውን ፍጡራን እንዴት እንደሚገድል ይለካ ነበር። ሐሳቡ ለወባ ተውሳክ የሚሆን ነገር ማግኘት ነበር። ፓራሚሲየም የተባለውን የኩሬ ፍጡር ቀለሙ ውስጥ ይከትና እስኪሞት ሰዓት ይይዛል። ውጤቱ አልገጥም አለው። ያው ቀለም፣ ያው መጠን፤ አንድ ቀን ቶሎ ይገድላል፣ ሌላ ቀን ሕያዋኑ ሲዋኙ ይውላሉ። በኋላ እንደሚተረከው ልዩነቱ የወጣው ሰማዩ ደመና ለብሶ ነጎድጓድ በነበረበት ቀን ነው፤ ክፍሉ ጨለም ሲል ቀለሙ አልገደለም። ራብ አንዱን ሳህን ብርሃን ላይ፣ አንዱን ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ አረጋገጠ፤ በ1900 አሳተመው። ቀለሙ ብቻውን ብዙም አይገድልም፤ ብርሃኑም ብቻውን አይገድልም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ታፓይነር ቀጥሎ ሦስተኛውን አባል ጨመረ፦ ኦክስጅን ከሌለም አይሆንም። ስለዚህ የዚህ ሕክምና የመጀመሪያ ሰለባ እንደ አካንታሜባ ሁሉ በውሃ የሚኖር ነጠላ ሕዋስ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ዞሮ ወደ ተነሳበት መምጣቱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀለሙ ሞለኪውል የሚስማማውን የብርሃን ዓይነት ሲውጥ ኃይል ይሞላል። ተራ ቀለም ይህን ኃይል በቅጽበት መልሶ ያበራዋል፤ የዓይን ሐኪም ጭረት ለማየት ዓይን ላይ የሚነካው ፍሎረሰሲን በሰማያዊ ብርሃን አረንጓዴ የሚያንጸባርቀው ለዚህ ነው። ሮዝ ቤንጋል የሚባለው ቀለም የፍሎረሰሲን ቤተ ዘመድ ነው፤ በላዩ ላይ ግን አራት የአዮዲን አቶሞች ተጭነውበታል። እነዚህ ከባድ አቶሞች ኃይሉ ቶሎ በብርሃን መልክ እንዳያመልጥ ያደርጉታል፤ ቀለሙ ኃይሉን ይዞ ስለሚቆይ በአጠገቡ ለሚያልፍ የኦክስጅን ሞለኪውል ያስተላልፍለታል። ኃይል የተቀበለው ኦክስጅን ቁጡ ይሆናል፤ ያገኘውን ስብና ፕሮቲን ያቃጥላል። ዕድሜው ግን በውሃ ውስጥ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ ነው። ከእሳት እንደ ወጣ ፍንጣሪ ካረፈበት አልፎ አይሄድም። ስለዚህ ቀለሙ አሜባው ላይ ካልተጣበቀ አሜባው አይሞትም፤ ቀለሙ ያልደረሰበት ጤነኛ ሕዋስም አይነካም። ሌላም ጥቅም አለው። አንቲባዮቲክ አንድ ቦታ ይመታል፤ ተሕዋሱ ያን ቦታ ቀይሮ ይላመዳል። ቁጡው ኦክስጅን ግን ሽፋኑንም፣ ፕሮቲኑንም፣ ዘረመሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚመታ መላመድ ይከብደዋል።

ለዚህ ሥራ ከኮርኒያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ብርሃን እንዲያሳልፍ የተፈጠረ ነው፤ ቀለም ከላይ ይንጠባጠብበታል፤ ቅድም አንባቢ ይያዝልኝ ያልኩት ኦክስጅንም ከአየር ይደርሰዋል። የአንጀት አሜባን በመብራት እናክም ብንል ማን ይሰማናል?

ሁለት ቀለሞች ተሞክረዋል። የመጀመሪያው ራይቦፍላቪን ነው፤ ቫይታሚን ቢ ሁለት ማለት ነው፤ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ጋር ይሠራል። ይህ ዘዴ በጀርመን ድሬስደን የተፈለሰፈው ለኢንፌክሽን አልነበረም፤ ኮርኒያቸው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ለሚወጣባቸው ወጣቶች የኮርኒያቸውን ክሮች እርስ በርስ ለማስተሳሰር ነው። እኛም አገር በአለርጂ ዓይናቸውን ሲያሹ የሚያድጉ ልጆች ከዚህ ችግር ጋር ይተዋወቃሉ። ጨረሩ ተሕዋስያንንም ይገድላል በሚል ከ2008 ጀምሮ ለኢንፌክሽን ተሞከረ። አንዳንድ የባክቴሪያ ቁስሎች ላይ ተስፋ ሰጠ። አካንታሜባ ላይ ግን በላቦራቶሪ ሲፈተን አሜባው ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ተገኘ። በህንድ ማዱራይ በፈንገስ ቁስል ላይ ተደርጎ በ2020 የታተመው በዕጣ የተከፋፈለ ሙከራም ጨረሩን የጨመሩት ታማሚዎች አንዳች ጥቅም እንዳላገኙ፣ እይታቸውም ምናልባት እንደባሰ አሳየ። ይህን በደንብ ማስታወስ ይገባል። «በብርሃን የሚታከም» የሚል ማስታወቂያ አንድ ቀን ቦሌ መንገድ ላይ ቢሰቀል መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ የትኛው ብርሃን፣ በየትኛው ቀለም፣ ለየትኛው ተሕዋስ ነው።

ሁለተኛው ቀለም ሮዝ ቤንጋል ነው። የተመዘገበው በ1882 ሲሆን መጀመሪያ የልብስ ማቅለሚያ ነበር፤ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ የዓይን ሐኪሞች የደረቀ ወይም የተጎዳ የዓይን ገጽ ለማየት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። በዚህ መንገድ ሕክምናውን ወደ ታማሚ ያመጡት ማያሚ የሚገኘው የባስኮም ፓልመር የዓይን ተቋም ሐኪሞችና መሐንዲሶች ናቸው፤ መብራቱንም ራሳቸው ሠሩት። የመጀመሪያውን ታማሚ፣ ፊዩዛሪየም በተባለ ፈንገስ የተያዘ ሰው፣ በ2017 አሳተሙ።

ሲሠራ ለሚያይ ሰው ሂደቱ የሚገርም ጸጥታ አለው። ታማሚው ይተኛል፤ የማደንዘዣ ጠብታ ይደረግለታል፤ የዓይን ሽፋኖቹ በትንሽ ሽቦ ይያዛሉ። ቀለሙ እንዲሰርግ ከኮርኒያው ላይ ያለው ስስ ቆዳ ይነሳል። ከዚያ 0.1 ወይም 0.2 በመቶ ሮዝ ቤንጋል ይንጠባጠብበታል፤ ለ30 ደቂቃ ይጠበቃል። ነጩ የዓይን ክፍል ሳይቀር ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል። ከዚያ 525 ናኖሜትር የሆነው አረንጓዴ ብርሃን ይበራል። ኃይሉ በስኩዌር ሴንቲሜትር 6 ሚሊዋት ነው፤ ለ15 ደቂቃ። 15 ደቂቃ 900 ሰከንድ ነው፤ በ6 ሚሊዋት ሲባዛ 5.4 ጁል ይሆናል። የሚገርመው የድሬስደኑም ዘዴ በግማሽ ኃይል፣ በእጥፍ ጊዜ እዚያው 5.4 ጁል ላይ መድረሱ ነው። አረንጓዴው ብርሃን ግን እንደ አልትራቫዮሌቱ የኮርኒያን የኋላ ሕዋሳት የሚያሰጋ አይደለም። አንዳንዱ ዓይን አንድ ዙር ይበቃዋል፤ አንዳንዱ ይደገምለታል። ጠብታው አይቋረጥም፤ ብርሃኑ የጠብታ ረዳት ነው።

የማያሚዎቹ በ2019 ያሳተሙት ዘገባ 18 ዓይኖችን የያዘ ነው። ሁሉም ጠብታ ሞክረው ያልዳኑ ነበሩ፤ አሥሩ አካንታሜባ ነበረባቸው። ከመቶ 72ቱ፣ ማለትም 13ቱ፣ ከአስቸኳይ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ተርፈዋል። ጥሩ ቁጥር ነው፤ ግን 18 ሰው ነው፤ ሕክምናውን ሳያገኝ ጎን ለጎን የታየ ቡድንም የለውም። ሌላም ገደብ አለ። ሮዝ ቤንጋል ወደ ኮርኒያው የሚሰርገው 100 ማይክሮን ያህል ነው፤ ኮርኒያው ደግሞ 540 መሆኑን አይተናል። ድርብ ግድግዳውን ለብሶ ታች የተኛው አሜባ ከብርሃኑ ሊያመልጥ ይችላል። እንግዲህ ብርሃኑም እንደ ጠብታው ጊዜ ያልባከነበትን ዓይን ይወዳል።

ጥገኛ ተሕዋስና ዓይን ሲነሳ ኢትዮጵያ ሌላ ትዝታ አላት። በምዕራብ ወንዞች ዳር ጥቁር ዝንብ የሚያስተላልፈው ኦንኮሰርኪያሲስ የኮርኒያ ጠላት ነው፤ ሆኖም የእሱ መድኃኒት በአፍ የሚወሰደው አይቨርሜክቲን እንጂ መብራት አይደለም። በቀለምና በብርሃን ለመታከም ከኮርኒያ ቀጥሎ የሚቀርበው ይልቁንም ቁንጭር ነው፤ በደጋው ልጆች ፊት ላይ የሚወጣው የሌሽማንያ ቁስል። ከኛ አገር ስም ያገኘው ሌሽማንያ ኤትዮፒካ የሚያመጣውን ይህን ቁስል የሚመስሉ ቁስሎች እስራኤል ውስጥ በቅባትና በተራ የፀሐይ ብርሃን ታክመዋል። ፀሐይ አልቸገረንምና ይህ ሌላ ምዕራፍ ይገባዋል።

በኮርኒያ ጉዳት እኛ ምን ያህል ነን? በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር ነበር። ግማሹ በሞራ ነው። 11.5 በመቶው በትራኮማ በጠፋ ኮርኒያ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ የኮርኒያ ጠባሳ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከአምስት ዓይነ ስውራን አንዱን ያህል ይሆናሉ። ያ «ሌላ ጠባሳ» የሚለው ሣጥን ሁሉንም ይይዛል፦ የገለባ ቁስል፣ ባክቴሪያ፣ ፈንገስ፣ የባህል መድኃኒት፣ ምናልባትም አሜባ። ጠባሳው ከተሠራ በኋላ ማን እንደሠራው አይጻፍበትም።

ለዚህ ነው ስለ መብራቱ ከመጓጓት በፊት ስለ አንዲት ሳህን የማወራው። አሜባን ለመለየት የረቀቀ ማሽን ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ግን የላቦራቶሪ ባለሙያ ምግብ ያልተጨመረበትን፣ አጋር የተባለ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ያፈስሳል፤ በላዩ ላይ ኢ. ኮላይ የተባለውን ተራ ባክቴሪያ ስስ አድርጎ ይቀባል፤ ከኮርኒያው በስለት የተፋቀችውን ቅንጣት መሐሉ ላይ ያስቀምጣል። አሜባ ካለ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ጀምሮ ባክቴሪያውን እየበላ ይወጣል። በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የሄደበት መንገድ ጥርት ያለ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ በመስመሩ ጫፍ ላይ ራሱ ይገኛል። በላተኛው በበላው ይያዛል። አጋርና ኢ. ኮላይ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ አሉ። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ «ይህ ዓይን አሜባ ይሆን?» ብሎ ወረቀቱ ላይ መጻፉ ነው። ሳህኑ ቀድሞ ካልተሠራ አረንጓዴው መብራት በየትኛው ዓይን ላይ እንደሚበራ አይታወቅም፤ ሮዝ ቤንጋልም ሆነ መብራቱ ከዚህ በኋላ የሚመጡ፣ ይልቁንም ቀላሎቹ ናቸው።

ያም ሆኖ መብራቱ ለአዲስ አበባ የሚሰጠው ነገር ማያሚ ላይ ከሚሰጠው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱ ተራ ነው። በኢንፌክሽን የነደደ ኮርኒያን በአስቸኳይ መቀየር ከሁሉ የከፋው ንቅለ ተከላ ነው፤ ዓይኑ ቀልቶና ተቆጥቶ ሳለ የተተከለ ብሌን ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ አሜባውም በአዲሱ ላይ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ዓይኑ ከተረጋጋና ጠባሳ ብቻ ከቀረ በኋላ ሲቀየር ውጤቱ እጅግ የተሻለ ነው። ማያሚ ያለ ሐኪም ለአስቸኳዩ የሚሆን ብሌን ዛሬ ቢፈልግ ያገኛል። እኛ ዘንድ በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመውና ከካዛንቺስ ብዙ በማይርቀው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያለው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ የሚሠራው በቃል ነው። የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስን ጨምሮ ብዙ ሰው ቃል ገብቷል፤ ቃሉ ብሌን የሚሆነው ግን ሰውየው ባረፈ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከቤተሰቡ አንዱ ስልክ ከደወለ ነው። ድንኳን በሚተከልበት፣ ዘመድ በሚጠራበት፣ ዕድርተኛ በሚሰበሰብበት በዚያ ሰዓት ስልኩን የሚያስታውስ አንድ ሰው ያስፈልጋል። አንድ ለጋሽ ለሁለት ሰው ይሆናል፤ ወረፋው ግን ከሁለት ይበልጣል።

ስለዚህ የተቃጠለ ዓይንን አረጋግቶ ወረፋ ውስጥ እንዲቆይ የሚያደርግ ማንኛውም ዘዴ፣ ፈጽሞ ባያድነው እንኳ፣ እዚህ ዋጋ አለው። በአሜባ የተያዘችው ሚዜ ዓይኗ ከመብራቱ በኋላ ጠባሳ ቢቀርበት፣ ጠባሳ ያለበት ነገር ግን ሕመም የሌለበት ዓይን ይዛ ስድስት ወር መጠበቅ ትችላለች። ቀለበቱ እየሰፋ፣ ሌሊቱን እየጮኸች ግን ስድስት ቀንም አትጠብቅም።